ቤቴን ዝም ያሰኘው ቃለ ጉባኤ

ከሁሉ በፊት ራሴን ላጋልጥ፤ እኔ ደብዳቤ አራሚ ነኝ። አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ መስኮቱ ወደ ባጃጅ መቆሚያው በሚያይ ክፍል፣ ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ የማይለይ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ። ከመሥሪያ ቤታችን የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ባልደረቦቼ ረቂቃቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሲሄዱ ወደ ኋላቸው አያዩም። አንዷ ጸሐፊማ የፈቃድ መጠየቂያዋን አርሜ ስመልስላት ፈቃዱንም ትታው ቀረች።

ይህ ጠባይ ቢሮ ውስጥ ቢቀር ማንም አይጎዳም ነበር። ችግሩ ከነእስክሪብቶዬ ወደ ቤቴ መግባቴ ነው።

ቤቴ ውስጥ ያሉትን ላስተዋውቃችሁ። ባለቤቴ መዲና ነርስ ናት። አባቷ አባባ ይመር በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬ ናቸው። መንደራቸው ከከተማው ብዙም አይርቅም፤ በዚያ ሰሞን ግን እግራቸውን ለማሳከም እኛ ዘንድ ነበሩ። ከቀርከሃው አጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው። እኔና መዲና ሥራ ስንውል ልጃችንን የሚይዙልን እሳቸው ናቸው። ልጃችን ሐናን ትባላለች። ሦስት ዓመት ሊሞላት አራት ወር ቀርቷት ነበር። እንደ ሬዲዮ ታወራለች፤ ልዩነቱ እሷን የሚያጠፋት ቁልፍ አለመኖሩ ብቻ ነው።

ጣጣው የጀመረው አለቃዬን ምሳ የጋበዝኩ ቀን ነው። ሰውየው ገና ከበሩ ሲገቡ ሐናን ሮጣ ሱሪያቸውን ያዘችና «ተዓሊ! ተዓሊ! ቁጭ በይ! ሸጋ ነው!» አለቻቸው። «ተዓሊ» እማማ ዘሃራ እሷን ነይ ሲሏት የሚጠሩበት ዓረብኛ ነው። «ሸጋ»ው የአያቷ የወሎ ስጦታ ነው። የተቀረውን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። አለቃዬ ግን በጣም ደስ አላቸው። እየሳቁ ወደ እኔ ዞሩና «የአራሚ ልጅ ሳትታረም!» አሉኝ።

እሳቸው ይህን ብለው ምሳቸውን አጣጥመው በልተው፣ አመስግነው ሄዱ። ነገሩን የረሱት ገና ባጃጅ ሳይሳፈሩ ይመስለኛል። እኔ ግን አልረሳሁትም። ሰኞ ቢሮ ስገባ፣ ሁሉም ሰው ስለ ልጄ የሚንሾካሾክ መሰለኝ። ማክሰኞ አንድ ደብዳቤ ላይ «ሸጋ» የሚል ቃል ያየሁ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ረቡዕ ላይ ነገሩ በዚህ መቀጠል እንደሌለበት ወሰንኩ።

ሌላ አገር ያለ አባት ቢሆን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ስብሰባ ጠራሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ያለው ማንጎ ሥር አራት ወንበር ደረደርኩ። ሰብሳቢም ጸሐፊም እኔው ነበርኩ። አጀንዳ አንድ፦ የሕፃን ሐናንን የአነጋገር ሁኔታ ማሻሻልን በተመለከተ። አጀንዳ ሁለት አልነበረም።

አባባ ይመር ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወረቀቴን አዩ።

«ልጄ፣ ስብሰባ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ አጭር ነው።»

«እንዲህ ነው መጀመሪያ የሚሉት። እኔ ስብሰባ አውቃለሁ። ያኔም ለአጭር ስብሰባ ብለው ጠሩን። ስብሰባው ሲያልቅ አሶሳ ነበርን።»

መዲና ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ሳልናወጥ ማብራሪያ ሰጠሁ። ሕፃን ልጅ የሰማውን እንደሚደግም፣ የእኛ ልጅ ደግሞ ከሦስት አቅጣጫ የተለያየ ነገር እየሰማች ግራ እንደገባት፣ ነገ ትምህርት ቤት ስትገባ መሳቂያ እንደምትሆን ዘረዘርኩ። እማማ ዘሃራ ጭንቅ ባለው ፊት አዳመጡኝ።

«አቡ ሐናን» አሉኝ፤ የሐናን አባት ብለው በዓረብኛ ነው የሚጠሩኝ። «ልጁ ታመመ?»

እማማ ዘሃራ አማርኛ የተማሩት ካደጉ በኋላ ገበያ ላይ ነው። ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ይጠሩታል።

«አልታመመችም እማማ። አነጋገሯን ልናስተካክል ነው።»

«አነጋገሩ ምን ሆነ? ሁሉ ሰው ይሰማዋል።»

እኔም ማብራሪያዬን ከመጀመሪያው ደገምኩት። ሰው ሲደክመው ይስማማል፤ ስብሰባ የመራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሦስት ውሳኔዎች አሳለፍን። አንደኛ፣ ለሐናን የታረመ አማርኛ ብቻ ይነገራል። ሁለተኛ፣ የምትሠራው ስህተት በመዝገብ ይሰፍራል። ሦስተኛ፣ የታረመ አማርኛ መናገር የማይችል ሰው በልጅቷ ፊት ቆጥቦ ይናገራል። ይህቺን ሦስተኛዋን ስጽፍ በጣም ጨዋ ቃል የመረጥኩ መስሎኝ ነበር። «ቆጥቦ» አልኩ እንጂ «ዝም ይበል» አላልኩም።

አባባ ይመር አንገታቸውን እየነቀነቁ ፈረሙ። መዲና «እስቲ ጉዱን እንየው» ብላ ፈረመች። እማማ ዘሃራ እስክሪብቶውን ተቀብለው ከመስመሩ የቀኝ ጫፍ ጀምረው በዓረብኛ ፊደል ስማቸውን ጻፉ። ከአራታችን ፊርማ የሚያምረው የእሳቸው ነበር። ቃለ ጉባኤውን ምግብ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

መጀመሪያ ያመፀችው መዲና ናት፤ ያመፀችውም በመታዘዝ ነው። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ ቀና ብላ ቆመችና «ሕፃን ሐናን ሆይ፣ የቀረበልሽን ገንፎ በወቅቱ ተመግበሽ እንድታጠናቅቂ በአክብሮት እናሳስባለን» አለቻት። ሐናን ማንኪያዋን እንደያዘች ፈዛ ቀረች። ገላዋን ስታጥባት «ጸጉርሽን በተመለከተ» ትላታለች። ጫማ ስታደርግላት «ግራ እግርሽን እንድታቀርቢልን» ትላታለች። እኔ ደግሞ፣ አያችሁ ሞኝነቴን፣ ቀልዱ ገብቶኝ እንኳ የአንዱን ዓረፍተ ነገር ማሠሪያ አንቀጽ አስተካከልኩላት።

አባባ ይመር ግን አልቀለዱም። የወሎ አፋቸውን ስድሳ ዓመት ሙሉ ተናግረውበታል። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ አፍ ከየት ላምጣ ብለው ዝም አሉ። ከዚያ በፊት ልጅቷን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «አብሽሪ የኔ ሸጋ» እያሉ ስለ በሬያቸው፣ ስለ ማሽላው፣ በማታውቀው አገር ስላለ ኮረብታ ሲያወሯት ይውሉ ነበር። አሁን በከዘራቸው እየጠቆሙ ብቻ ኳስ ያቀብሏታል። በስድስተኛው ቀን ጓዛቸውን ጠቅልለው ባጃጅ አስጠሩ።

«አባባ፣ ሕክምናው ሳያልቅ?»

«ዝም የምልበት ቤት እኔም አለኝ ልጄ» አሉና ሄዱ።

ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጸጥታ ወረደ። እማማ ዘሃራ ከማንም ጋር የሚያወሩ ሰው ነበሩ። ከዶሮዎቻቸው ጋር፣ ለማድረቅ ካሰጡት ባሚያ ጋር፣ ከዝናቡም ጋር ያወራሉ። ከሁሉም በላይ ከሐናን ጋር። ባሚያውን ስትነካባቸው በበርታኛ ይቆጧታል፣ መልሰው በበርታኛ ያባብሏታል፣ ሲመሻሽ አንድ የሚያንጎራጉሩት ዜማ አላቸው። አሁን ልጄን በንጽሕና ይዘው፣ አብልተው፣ አስተኝተው ያስረክቡኛል፤ ቃል ግን አይወጣቸውም። እኔ አጥሩ አጠገብ ቆሜ ሳዳምጥ የሚሰማው የዶሮ ድምፅ ብቻ ነበር። ይህንንም እንደ ሥነ ሥርዓት ቆጠርኩት።

በዚህ ጊዜ እኔ ምን እሠራ ነበር? አርም ነበር። ሐናን አንድ ነገር ተናግራ ሳትጨርስ «እንደገና» እላታለሁ። ትደግመዋለች። «እንደገና» እላታለሁ። አፌን ትክ ብላ ታያለች፤ የፈለገችውን ነገር እስክታስተካክል ድረስ የፈለገችው ነገር ይረሳታል። ከዚያ መጠቆም ጀመረች። ቀጥላ መጠቆሙንም ቀነሰችው።

በመዝገቤ ግን ሁሉም ነገር እየተሻሻለ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሃያ ስድስት ስህተት። በአምስተኛው ቀን ዘጠኝ። በስምንተኛው ሁለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ስህተት፦ የለም» ብዬ ጻፍኩ። በአሥራ ሦስተኛውም የለም። በአሥራ አራተኛውም። መዝገቡን ይዤ ወደ መዲና ሮጥኩ።

«አየሽ? ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ስህተት የለባትም!»

መዲና ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚህ በኋላ ቀልድ አልነበረም።

«ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ቃል አልተናገረችም እኮ» አለችኝ።

መዝገቡ እጄ ላይ ከበደኝ። የዚያኑ ቀን ሐናን ከደረጃው ወድቃ ጉልበቷ ደማ። ሮጬ ደረስኩ። እያለቀሰች ነበር፤ ግን «አባዬ» አላለችም፣ «እማዬ»ም፣ የአያቷንም ስም አልጠራችም። አፏን ገጥማ ማንንም ሳትጣራ አለቀሰች። ያን ጊዜ ፈራሁ። የእውነት ፈራሁ፤ ልጄን በገዛ እጄ ያጠፋኋት መሰለኝ።

በነጋታው ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። የተቀበለን ጤና መኮንን ወጣት ነው፤ ከቡለን ወረዳ ነው የመጣው። ጆሮዋን በመብራት አየ፣ ከጀርባዋ አጨበጨበ፣ ቁልፍ አንሿሿ። ሐናን ሁሉንም ዞር እያለች አየችው። ከረሜላ ሲሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አፏ ግን አልተከፈተም።

«ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል» አለ። «ምላሷም ደህና ነው። በፊት ታወራ ነበር?»

«ማስቆም ነበር የሚያስቸግረው» አለች መዲና።

«እና ምን ተፈጠረ?»

ከቦርሳዬ ቃለ ጉባኤውን አወጣሁ። ለምን ይዤው እንደሄድኩ አትጠይቁኝ፤ ማስረጃ ሳልይዝ የትም አልሄድም። ሰውየው እስከ ፊርማው ድረስ በጥሞና አነበበው። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም።

«እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ ቤታችን የሚወራው ሺናሽኛ ብቻ ነበር» አለኝ ወረቀቱን እያጠፈ። «አስተማሪያችን ክፉ ሰው አልነበረም። በቋንቋችን ስናወራ ግን ያስቆመን ነበር። መቆሙ ሰለቸኝና ማውራቱን ተውኩት። ዓመቱን ሙሉ። እናቴን ልጅሽ ዲዳ ነው አሏት።»

«እንዴት ተናገርክ ታዲያ?» አለችው መዲና።

«ሌላ አስተማሪ መጣች። ስለ ፍየላችን ጠየቀችኝ። በፈለግከው አፍ ንገረኝ አለችኝ። ነገርኳት። ግማሹ አልገባትም፤ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አማርኛው በኋላ በራሱ መጣ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ልጅ ሁለት ሦስት ቋንቋ ቢሰማ እንደማይጎዳ፣ መጀመሪያ ቢደባልቀውም እያደር ለየብቻ እንደሚያስቀምጠው፣ የሚጎዳው የሚያወራው ሰው ሲያጣ እንደሆነ ነገረኝ። መድኃኒት እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት።

«መድኃኒቱ ወሬ ነው» አለ። «አያቷም ያውሯት፣ ጎረቤትም ያውሯት፣ ሁሉም በራሱ አፍ። በአንድ ወር ለውጥ ካላያችሁ መልሳችሁ አምጧት።»

መንገድ ላይ መዲና «ነግሬህ አልነበር?» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ሐናንን አቅፋ ባጃጁ ውስጥ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ስታንሾካሹክላት መጣች፤ በአባቷ ቤት የሚወራው የወሎ አማርኛ ነበር፣ ከተጋባን ጀምሮ በእኔ ፊት የተወችው። ልጅቷ ደረቷ ላይ ተለጥፋ ሰማች፤ መልስ ግን አልሰጠችም።

ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያደረግኩት ለአባባ ይመር መደወል ነው።

«ስብሰባ ከሆነ አልመጣም» አሉኝ ገና ሳልጨርስ።

«ስብሰባ አይደለም አባባ።»

«አጀንዳ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው መጣሁ።»

ቀጥዬ ሐናንን ይዤ አጥሩን ዞሬ እማማ ዘሃራ ግቢ ገባሁ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ባሚያ ይለቅማሉ። ሐናን እንደ ልማዷ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። እማማ ዘሃራ ጸጉሯን ዳበሷት፤ ምንም አልተናገሩም።

«እማማ፣ ውሳኔው ቀርቷል። እንደ በፊቱ ያውሯት» አልኳቸው።

«እኔ ፈረምኩ» አሉኝ። «ፈረምኩ ማለት አለቀ።»

«ወረቀት እኮ ነው እማማ።»

«ለአንተ ወረቀት ነው። ለእኔ ስሜ ነው። አንተ አባቱ ነህ፤ አባቱ ልጁን አታውራ አለ፣ እኔ እሺ አልኩ። ግን ቤቴ የለቅሶ ቤት ሆነ።»

ወረቀቱን አውጥቼ ፊታቸው ልቀደው ስል እጄን ያዙኝ። ለቀቁኝና ወደ ልጅቷ ጠቆሙ፤ ለልጁ አንብበው አሉኝ። ቁጭ ብዬ ለልጄ ቃለ ጉባኤውን አነበብኩላት። «የታረመ አማርኛ መናገር የማይችል ሰው በልጅቷ ፊት ቆጥቦ ይናገራል» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩና መልሼ አነበብኩት። ስንት ሺህ ደብዳቤ አርሜአለሁ፤ ከዚህ የከፋ ዓረፍተ ነገር አይቼ አላውቅም። አንድም የፊደል ስህተት አልነበረበትም።

እማማ ዘሃራ ወረቀቱን ተቀበሉኝና አጣጥፈው ከምንጣፉ ሥር ከተቱት።

«አሁን እኔ ጠየቅኩ» አሉ። «አንተ ምን አወራህ ለልጁ?»

አሰብኩ። «እንደገና» ብያታለሁ። «እንዲህ አይባልም» ብያታለሁ። ሌላ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ልጄ ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው፤ እኔ አንድም ቀን አንድም ነገር አውርቻት አላውቅም። አርሜአታለሁ እንጂ።

«እናትህ ላንተ እንዴት አወራች? እንደሱ አውራ» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ያልነገርኳችሁን ነገር ልናገር። እኔ የጎጃም ገጠር ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የዶርም ጓደኞቼ አነጋገሬን እየደገሙ ይስቁብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የእናቴን አፍ ደብቄ የቢሮ አፍ አበጀሁ። ቀይ እስክሪብቶውም የመጣው ከዚያ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እናቴ እንደምታወራው አላወራሁም፤ እናቴ ስትሞት እንኳ ለቀስተኛውን በቢሮ አማርኛ ነው ያመሰገንኩት።

አፌን ስከፍት መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥዬ ጀመርኩ። ደብተሬን ስለበላው ሙክት አወራኋት። እናቴ ዱላ ይዛ ሙክቱን በጓሮ ስታባርረው «ኧረግ! ኧረግ! የልጄን ትምርት መልስ! ትፋው!» እያለች እንዴት እንደጮኸች፣ በእናቴ ድምፅ፣ በእናቴ አፍ፣ ተነሥቼ ምንጣፉን እየዞርኩ አወራሁ። ሙክቱንም ሆንኩ። አኘክሁ። መሀል ላይ አባባ ይመር በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡና ግንድ ላይ ተቀመጡ። መዲና አጥሩ ላይ ተደግፋ ታያለች። ላብ አጠመቀኝ። ታሪኩ አለቀና ቆምኩ።

ሐናን ተነሣች። መጥታ በትንሽ እጇ አገጬን ያዘችና ፊቴን ወደ ራሷ አዞረችው።

«ከዛስ?» አለች።

መዲና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ደግሞ፣ ፈጣሪ ያሳያችሁ፣ ቀሪውን እንዴት ልንገራት? እውነቱ፣ ሙክቱን ለፋሲካ አርደን በልተነዋል። ይህ ደግሞ አራት ቀን ዝም ብላ ለከረመች ልጅ የሚነገር አይደለም።

«ከዛማ…» ብዬ አባባ ይመርን አየሁ።

«ከዛማ ሙክቱ አሶሳ መጣ» አሉ አባባ ይመር፤ ሁለት ሳምንት የታፈነ አፋቸው ተለቀቀ። ሙክቱን በኮረብታቸው አሳልፈው፣ ከበሬያቸው ጋር አጣልተው፣ አስታርቀው፣ ማሽላቸው ውስጥ ለቀቁት። ሐናን ጉልበታቸውን ተደግፋ ትሰማለች። ሲደክማቸው ዞረች።

«ከዛስ?»

እማማ ዘሃራ ባሚያቸውን አስቀመጡና ሙክቱን በበርታኛ ተቀበሉት። ምን እንዳደረጉት አንዲት ቃል አልገባኝም። እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ጉንጫቸውን ነፍተው አንድ ድምፅ ያወጣሉ፤ ሐናን መሬት ላይ ወድቃ ትስቃለች። ልጄ የገባትን ነገር እኔ አላወቅኩትም።

ጎንበስ ብዬ የልጄን ትከሻ ነካሁ።

«ሐናንዬ፣ ሙክቱ ምን ሆነ?» አልኳት።

ላልገባው ሰው በሚያዝን ዓይን አየችኝ።

«ወንዝ ገባ» አለችኝ።

«ወይኔ! ሰጠመ?»

«አልሰጠመም አባዬ» አለች፣ እጇን እያወዛወዘች፣ «ይዋኛል።»